እስቲ ፋራው ማን ነው?

አቦሉን ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡና ዋጋና ስለ ልጆች ትምህርት ስናወራ ጨረስነው። ቶናው ሲቀዳ ግን ወሬው ወግ ይሁን። ስኒህን ወዲህ በል፤ ቆሎውንም አትፍራው፣ ሱፍ ገብቶበታል። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ሰው ሰውን «ፋራ» ሲለው ምን ማለቱ ነው?

ሳቅክ አይደል! «ፋራማ ፋራ ነው፤ ይሄ ደግሞ ምን ይጠየቃል» ልትለኝ ነው። ቆይ፣ አትቸኩል። ዲላ ቁጭ ብሎ፣ ያውም ጀበና ፊት፣ ምን ያስቸኩላል? እኔ የምልህ፣ ፋራ ማለት ሞኝ ማለት አይደለም። ለሞኝነት ሌላ ስም ሞልቶናል፤ በዚህ በኩል የአማርኛችን ጎተራ ጎድሎ አያውቅም።

ሞኝ ብትለኝ ለምሳሌ አልቀየምህም። ሞኝ የሚያምን ሰው ነው፤ እናት እንኳ ልጇን «አይ የኔ ሞኝ» ብላ ግንባሩን ትስመዋለች። ቂል ግን ፊቱ ላይ ቦታውን የሳተ ሳቅ አለ። ጅል ደግሞ ቁመቱ አድጎ ልቡ ወደ ኋላ የቀረ ነው፤ ግዙፍ ከሆነማ ጅላንፎ ብለን ስሙንም እንደ ቁመቱ እናስረዝምለታለን። ተላላን ጮክ ብለህ ጥራው፤ አታለለ፣ ተታለለ ከሚሉት ጋር እንዴት እንደሚገጥም ጆሮህ ይነግርሃል። ደነዝ ከማጀት የወጣ ቃል ነው፤ ቢላዋ ሲደንዝ እንላለን። ገልቱ ደግሞ ለሴት ብቻ ተቀምጣ ቀርታለች። ወጥ ያረረባት ሴት ገልቱ ትባላለች፤ ድስት ጥዶ ኳስ ሲያይ የረሳው ወንድ ግን እስከ ዛሬ ስም አልወጣለትም። ባለቤቴ ይህን ሁልጊዜ ታነሳብኛለች፤ እኔም ሰምቶ እንዳልሰማ ስኒዬን አነሳለሁ።

ጎረቤቶቻችን የጉጂ ኦሮሞዎች በበኩላቸው ጎዋ ይላሉ። አፍን ሞልቶ የሚወጣ ቃል ነው፤ የሚሰደበው ሰው ራሱ ሳይስቅ አይቀርም።

እነዚህ ሁሉ ግን ሰውየው የትም ቢሄድ አብረውት ይሄዳሉ። አባቶች «ሞኝን እባብ ሁለት ጊዜ ነደፈው፤ አንዴ ሳያይ፣ አንዴ ሲያሳይ» ብለው የለ? ያ ሰውዬ ጎጃም ቢሆንም ይነደፋል፣ ቦረና ቢሆንም ይነደፋል። ፋራ እንደዚያ አይደለም። ፋራ ለመሆን መጀመሪያ ከቦታህ መነሳት አለብህ። ቀዬው ላይ የተቀመጠን ሰው ፋራ ሊለው የሚችል ማን ነው? ያቺን ወንዝ ተሻግሮ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ መናኸሪያ ሲወርድ ነው ስሙ የሚጠብቀው።

ፋራን የፈለገ ሰው ተቃራኒውን፣ አራዳን ይጠይቅ። አራዳ የሰው ጠባይ ከመሆኑ በፊት ሰፈር ነበር። አዲስ አበባ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ፣ በምኒልክ ዘመን ትልቁ ገበያ ይቆም የነበረበት ሰፈር ነው። ጨውም፣ ማርም፣ ቅቤም፣ በቅሎም እዚያ ነበር የሚሸጠው። ሌባ የሚያባርረው ዘበኛ ሳይቀር «የአራዳ ዘበኛ» ነበር የሚባለው። ጣልያን በወረራው ዘመን ገበያውን ነቅሎ መርካቶ ወሰደው፤ አሮጌውን ሰፈርም ፒያሳ አለው። ገበያው ሲሄድ ስሙ ሰው ላይ ቀረ። በዚያ ግርግር መሃል ያደገን ልጅ ማን ይሸውደዋል? የአራዳ ልጅ ነዋ! ዛሬም እንደ ተናጋሪው ነው፤ አንዱ «አራዳ ነው» ሲል ጮሌነቱን ነው፣ ሌላው አጭበርባሪነቱን፣ ሌላው ደግሞ ነገር የማያካብድ፣ ቶሎ የሚገባው ጥሩ ሰው ማለቱ ነው።

እንግዲህ አራዳ በገበያው መሃል ከቆመ፣ ፋራ የገበያው ዳር ላይ የበቅሎውን ልጓም ጨብጦ የቆመው ሰው ነው። ሰውየው ማረስ ያውቃል፤ ሽምግልና ተቀምጦ ነገር መፍታት ያውቃል፤ ሰማይ አይቶ የዝናቡን ሰዓት ይነግርሃል። እዚያ ቦታ ላይ የሚካሄደውን ጨዋታ ብቻ አያውቅም። ስሙን ያወጡለት ግን ጨዋታውን የሚያውቁት ናቸው። ስም አውጪው ማን እንደሆነ ሁልጊዜ ጠይቅ፤ እኔ የቃል ነገር ሲነሳ መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነው።

ባላገርን ተመልከታት እስቲ። ባለ አገር ናት ቃሏ፤ አገሩ የእሱ የሆነ ሰው ማለት። ከዚህ የሚበልጥ ማዕረግ ከየት ይመጣል? አሁን ግን ፒያሳ ላይ «አንተ ባላገር!» ብትባል አገር ሰጡኝ ብለህ እጅ ትነሳለህ? የእኛ ብቻ አይምሰልህ፤ በሮማውያን ቋንቋ የገጠር ሰው ይባልበት የነበረው ቃል ነው ኋላ አረመኔ ወደሚለው የዞረው። እንግሊዞችም ክፉ ሰውን «ቪለን» የሚሉበት ቃል በፊት የጌታ መሬት ላይ የሚያርስ ጭሰኛ ማለት ነበር። መዝገቡን የሚጽፈው የከተማ ሰው ሆኖ ገበሬው ተመስግኖ ያየሁበት ቋንቋ ትንሽ ነው። ዶማም ያው ነው። እዚህ ዲላ ዙሪያ የጌዴኦ ገበሬ በአብዛኛው በበሬ አያርስም፤ መሬቱ ቁልቁለት ነው፣ ዛፍና እንሰት ሞልቶበታል፤ በእጁ ነው የሚቆፍረው። የሚቆፍርበትን መሣሪያ የከተማ ልጅ ወሰደና ሒሳብ ላልገባው ጓደኛው ስድብ አደረገው፤ «አንተ ዶማ!»

ዲላ እንዴት ከተማ እንደሆነች ታውቃለህ። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና 360 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደህ ነው የምታገኛት። መንገዱና ቡናው ናቸው ያቆሟት። ከጥቅምት ወዲያ ቀይ ቡና መለቀም ሲጀምር ከወናጎ፣ ከይርጋጨፌ፣ ከኮቸሬ፣ ከገደብ በኩል ያለው መንገድ ሁሉ ቡና ቡና ይሸታል። ገበሬው እሸቱን በአህያ፣ በራሱ ጀርባ፣ አሁን አሁን ደግሞ በሞተር ሳይክል ጭኖ ወደ ሚዛኑ ይመጣል። ሚዛኑ ፊት ሁለት ሰዎች ይቆማሉ። አንደኛው ቡናውን ያውቃል፣ ሁለተኛው ዋጋውን። ዋጋውን የሚያውቀው ቡናውን የሚያውቀውን ፋራ ይለዋል። በቃ፣ የቃሉ ትርጉም ይኸው ነው! ከዚህ የጠራ ፍቺ የሚሰጥህ መዝገበ ቃላት ካገኘህ አምጣልኝ።

ቡናን ማወቅ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ ዕውቀት እንዳይመስልህ። የትኛው ዛፍ ጥላው እንደሚስማማው፣ የትኛው ቅርንጫፍ መገረዝ እንዳለበት ማወቅ አለ። ሲለቀምም ቀይ ቀዩን እየመረጡ ነው፤ አረንጓዴው ከተቀላቀለ ጣዕሙ ይበላሻል። ታጥቦ የሚሸጠው ቡና በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ ሌላ ሽታ ያመጣል። ደረቁ ደግሞ አልጋ ላይ ተዘርግቶ በየሰዓቱ ካልተገላበጠ ይሻግታል። ይህን ሁሉ የሚያውቀው ሰው ነው እንግዲህ ሚዛን ላይ የሚጠቃቀሱበት።

ይጠቃቀሱበት ነበር ልበል። በ2000 ዓ.ም የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ጀመረና የማዕከሉ ዋጋ በየገበያ ከተማው በሰሌዳ መታየት መጣ። ቀጥሎ ሞባይሉ ገጠር ገባ። አሁን ገበሬው አህያውን ከመጫኑ በፊት ይርጋጨፌ ላለው ወንድሙ ይደውላል፤ ገደብ ላለው አማቹም ይደውላል። ደላላው «አባቴ፣ ዛሬ እኮ ዋጋ ወድቋል» ሲለው፣ «የወደቀውንስ እኔም ሰምቻለሁ ልጄ፤ አንተ የተነሳውን ንገረኝ» ይለዋል። እዚህ ላይ ፋራው ማን እንደሆነ አንተው ፍረድ። «ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

የወረቀቱ ዘመን ግን እንዲህ የሚያስቅ አልነበረም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እንላለን፤ እኛ ለቀልድ ነው የምንላት፤ ወረቀቱ የያዘው መሬትህን ሲሆን ግን አያስቅም። ያኔ፣ በጭሰኝነቱ ዘመን፣ ይህ አገር ጌዴኦም አይባል፤ ሰዎቹ ራሳቸውን በማይጠሩበት ስም ደራሳ አውራጃ እየተባለ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበር። መሬቱ በቀላድ ተለካ፤ ገመዱ ባለፈበት ሁሉ ወረቀቱ ለባለመሬቱ፣ ድካሙ ለጭሰኛው ሆነ። ቡናውን የተከለው ሰው ከቡናው ላይ ለሌላ የሚሰፍር ሆነ። በ1952 ዓ.ም ሚችሌ ላይ ጭሰኛው ተነሳ፤ ብዙ ሰው አለቀ። ነገሩ የተቋጨው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት የሕዝብ መሆኑ ሲታወጅ ነው። ሽማግሎች ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ እኔም እዚህ ላይ አላበዛም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ፦ ያን ወረቀት ማንበብ የማይችለውን ሰው ያኔ ምን ይሉት የነበር ይመስልሃል?

ጨዋ! አትደንግጥ። ዛሬ ልጃችንን «ጨዋ ነው» ብለን የምንድርበት ቃል በቤተ ክህነት ሰዎች አፍ ፊደል ያልቆጠረ፣ ያልተማረ ማለትም ነው። «እሱ እኮ ጨዋ ነው» ብለው መሪጌታው ሲናገሩ ስለ ሥነ ምግባሩ የሚመሰክሩ መስሎት ደስ ያለው ሰው አይጠፋም። «ሞኝ ሲረግሙት የመረቁት ይመስለዋል» ማለት ይሄኔ ነው። ግሪኮችም ዘንድ ተመሳሳይ ነገር አለ። ፈረንጆች ደደብን «ኢዲዮት» የሚሉት ከግሪክ ወርሰው ነው፤ አቴና ላይ ቃሉ የአገር ጉዳይ ላይ የማይገባ፣ የግሉን ብቻ ይዞ ቤቱ የሚቀመጥ ሰው ማለት ነበር። ሙያ የሌለው ተራ ሰውንም እንዲሁ ይሉት ነበር። ይህን ለአንድ የጌዴኦ ሽማግሌ ብትነግራቸው አይገርማቸውም። ጌዴኦ ሶንጎ አለው፤ ሰው ተሰብስቦ ነገር የሚሰማበት፣ ጠብ የሚበርድበት የአገር ሸንጎ። ከሶንጎ እየቀረ ቤቱ የሚያደፍጥ ሰው በአቴናም ቢሆን በቡሌም ቢሆን ስሙ መልካም አይሆንም።

አየህ፣ ቃል እንዲህ ነው፤ ሲሻው ከክብር ወርዶ ስድብ ይሆናል፣ ሲሻው ይወጣል። የዋህን አስታውሳት። በግዕዙ የዋህ ገር፣ ትሑት ነው፤ በተራራው ስብከት ምድርን ይወርሳሉ የተባሉት የዋሆች ናቸው። አሁን ግን «አይ የዋህ!» ስንል ግማሹ ማዘን፣ ግማሹ መናቅ ነው። ጀዝባስ ብትል? እሷ ከዓረብኛው መሳብ ከሚለው ናት። በሱፊዎች ዘንድ ከዚሁ ሥር በወጣ ስም የሚጠራው ልቡ ወደ ፈጣሪው ተስቦ የዚህን ዓለም ነገር የተወ ሰው ነበር፤ በእኛ ዘመን ጫት ላይ ተቀምጦ ቀን የጨለመበትን ፈዛዛ ጀዝባ እንለዋለን። የእንግሊዞቹ «ሲሊ»ም ዱሮ የተባረከ ማለት ነበር ይባላል፤ ዛሬ ቂል ማለት ነው። ሞስኮ ቀይ አደባባይ ላይ ያለውን፣ ጉልላቱ እንደየቀለሙ የተጠቀለለውን ቤተ ክርስቲያን በፎቶ ሳታየው አትቀርም። ሕዝቡ የሚጠራው በአንድ ባስልዮስ በሚባል ሰው ስም ነው፤ ስለ ክርስቶስ ብሎ ሞኝ ሆኖ፣ በብርዱ እርቃኑን በየመንገዱ ይዞር የነበረ ሰው። የአሠሪው ንጉሥ ስም ሳይሆን የሞኙ ስም ነው አደባባዩ ላይ የቀረው። በእኛም ገዳማት እብድ መስለው ዕድሜያቸውን ስለ ጨረሱ አባቶች ሲተረክ አድገናል።

ከየት ተነስቼ ሞስኮ ደረስኩ? ቆሎው ነው እንዲህ የሚያስኬደኝ። እንመለስ ወደ ዲላ።

ዲላ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ሲመደቡለት አይተሃል? ከአዲስ አበባም ይመጣል፣ ከመቀሌም፣ ከጅማም። የአዲስ አበባው ልጅ ያስታውቃል፤ ጫማው ነጭ ነው፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል፣ ባጃጅ ሹፌሩን «ጀለስ» ይላል። እንዳይሸወድ እናቱ መክራ ልካዋለች። መስኮት ከፍቶ ከወንዶ ገነት መታጠፊያ ጀምሮ አገሩን ሲያይ መጥቷልና ገና ከአውቶቡስ ወርዶ ባጃጅ እንደገባ ለጓደኛው ይደውላል፤ «ስማ፣ እዚህ እኮ ሙዝ በሙዝ ነው! ሙዝ ገዝተን አንበላም!» ባጃጅ ሹፌሩ ይህን ይሰማል። ሰው አክባሪ ስለሆነ አይስቅም፤ ማታ ለሚስቱ ሲነግራት ነው የሚስቀው።

ልጁ ይጠብቃል። መስከረም አለፈ፣ ኅዳር አለፈ፣ «ሙዙ» አያፈራም። አከራይዋን እናት ሄዶ ይጠይቃል፤ «እማማ፣ ይሄ ሙዝ መቼ ነው የሚደርሰው?» እማማ እንሰቱን ያዩታል፣ ልጁን ያዩታል። «ልጄ፣ የዚህን ፍሬ ከጠበቅክ ራትህ አለፈህ» ይሉታል። እውነታቸውን ነው። እንሰት ፍሬው አይደለም የሚበላው። ተክሉ ዓመታት ቆይቶ ሊያብብ ሲል፣ ጉልበቱን ወደ አበባው ሳይወስደው ነው የሚነቀለው፤ አብቦ ፍሬ ከሰጠ በኋላማ እሱ ራሱ ይሞታል። ሴቶቹ ግንዱን ይፍቁታል፣ ሥሩን ይከትፉታል፣ በቅጠሉ ጠቅልለው ጉድጓድ ውስጥ ያብላሉታል፤ ቆጮው ከዚያ ነው። ተጨምቆ የዘቀጠው ነጩ ቡላ ነው፤ ጭረቱ ቃጫ ሆኖ ይሸጣል፤ ቅጠሉ ለመጠቅለያም፣ ለምንጣፍም፣ ለከብትም ነው። ዝናብ ቀርቶ ሌላው እህል ሲከዳ እንሰቱ እዚያው ጓሮ ቆሞ ይጠብቅሃል።

ይህን ሁሉ ማወቅ ስም አላወጣንለትም። አለማወቁን ነው ስም የሰጠነው፤ እሱንም ለአንድ ወገን ብቻ። ለእንሰት ፋራ የሆነው የከተማ ልጅ አሁንም አራዳ ነው የሚባለው!

ሌላው ዓለም ግን የገበሬውን ዕውቀት ስም ሰጥቶታል። የጌዴኦን ማሳ ተመልከት፤ ከላይ ትልልቁ ዛፍ፣ ዋንዛው፣ ብርብራው፤ ከሥሩ እንሰት፤ ከእንሰቱ ሥር ቡና፤ መሬቱን የሚሸፍነው ደግሞ ጎመኑና ሌላው አትክልት። ጠባብ መሬት ላይ ይህን ያህል ሕዝብ ሲኖር ቁልቁለቱ ሳይሸረሸር የቆየው በዚህ ነው። መስከረም 2016 ዓ.ም ሪያድ ላይ የተሰበሰቡት የዩኔስኮ ሰዎች የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግቡ፣ የጨልባ ቱቱቲንና የቱቱ ፈላን የድንጋይ ሐውልቶች፣ ደኑንም፣ ሰውና ዛፍ ተግባብተው የኖሩበትን ይህን አስተራረስም አይተው ነው። በየኮረብታው ላይ ዶማ ይዞ ለሚቆፍረው ሰው የተሰጠ ክብር ነው እንግዲህ።

የቡናውም ስም ራሱ ገበያ ወጥቷል። ይርጋጨፌ የሚለውን ስም አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ መንግሥት ሲጠይቅ ከስታርባክስ ጋር ምን ያህል እንዳከራከረ ትዝ ይልሃል? በሰኔ 1999 ዓ.ም ነው የተስማሙት። ሲያትል ያለ ሰው ጥቁር ሰሌዳ ላይ «ይርጋጨፌ» የምትለውን ቃል ለመጥራት ምላሱ ሲታሰር ሳስብ ደስ ይለኛል፤ ጨ-ን መጥራት አይችላትም። እስቲ ወደ ሚዛናችን ይምጣና ይጥራት፤ ልጆቹ ምን እንደሚሉት አውቃለሁ።

የተማሪውን ነገር ሳልጨርስ ረሳሁት። ያ ልጅ ኋላ ቆጮ በክትፎ ለመደ፤ ዳጣውንም ላቡ ጠብ እያለ መብላት ቻለ። ለእረፍት አዲስ አበባ ሲገባ ጓደኞቹ ቤት ቆጮ ተሸክሞ ቢሄድ «እንዴ፣ ፋራ ሆነህ መጣህ!» አሉት አሉ። ሙዝ ከፈለግክ ግን አንተ እንሰቱ ጓሮ አትሂድብኝ፤ ከአርባ ምንጭ የሚመጣውን መናኸሪያው በር ላይ በኪሎ ይሸጡልሃል፤ ሚዛኑን ብቻ አይተህ ግዛ።